ከግራ ጎኔ የጠፉ ሰዎች

ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ጉድ የሠራኝ እሱ ስለሆነ ነው። ምንም ባላውቅ ኖሮ በጊዜ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። ትንሽ ማወቄ ግን ቤቴ አስቀመጠኝ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። እኔ አልደበቅኩም፤ ራሴ ስም አውጥቼለት ራሴ አከምኩት። ይኼ ከመደበቅም ይብሳል።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ነው። የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ባለቤቴ በመንገድ ሥራ ተመድቦ ሲመጣ አብሬው መጣሁ። እሱ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሰላም ትባላለች፤ አዲስ አበባ ትዳር ይዛለች። "እማዬ፣ እዚያ ምን ቀረሽ? ነይ እንጂ!" ትለኛለች። ምን እንደቀረኝ ለማስረዳት አይሆንልኝም ነበር። ከቤቴ እስከ ገበያው ስሄድ ሃያ ሰው "ቲቸር!" ይለኛል። ባንክ የሚሠራው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ሙዝ የምትሸጠው፣ ሁሉም በእጄ ያለፈ ነው። አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ቲቸር ሊለኝ ነው?

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳመነች ነበረች። ዳመነች ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። ገረሴ የምትባል የጋሞ ከተማ ልጅ ናት፤ ሦስት ልጆቿን አስተምሬላታለሁ። እኔን በአሥር ዓመት ብታንሰኝም "እርስዎ" ማለት ጭራሽ አይሆንላትም፤ "ቲቸር አንቺ" ነው የምትለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኩርኩፋ ታመጣልኛለች። ኩርኩፋ ማለት በበቆሎ ዱቄትና በሺፈራው ቅጠል የሚሠራ የአገሩ ምግብ ነው። የምታመጣው ሰማያዊ አበባ ባለበት የብረት ሳህን ነው፤ እኔም ሳህኑን ባዶውን አልመልስም። ስኳርም ቢሆን፣ ሁለት ሎሚም ቢሆን ጣል አደርግበታለሁ። እንዲህ ሆነን አሥራ ሰባት ዓመት ኖረናል።

ሕመሜ ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። ዓይኔን አላመመኝም፤ አላቃጠለኝም፤ አልቀላም። ብቻ የበር ጠርዝ ትከሻዬን ይመታኝ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ በክንዴ እየመታሁ እደፋዋለሁ። ጭኔና ቅልጥሜ ሁልጊዜ የበለዘ ነው። በተለይ አመሻሽ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገዱ ይጠብብኛል።

ታዲያ እኔ ምን አልኩ? "ዳፍንት!" አልኩ። ሌላ ምን ልል ነው! አመሻሽ ላይ ማየት የሚያስቸግር በሽታ፣ መንስኤው የቫይታሚን ኤ እጥረት። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ በብርቱካናማ ጠመኔ ካሮት እየሳልኩ ያስተማርኩት ነው። ሌላ ምዕራፍ ቢሆን ልጠራጠር እችል ነበር፤ ያንን ግን በቃሌ ነው የማውቀው። ምርመራው አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ከዚያ መብላት ጀመርኩ። ጥዋት ካሮት፣ ቀን ፓፓያ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጉበት። ሺፈራው እንደሆነ እዚህ አገር በየግቢው ነው፤ በሻይ መልክ እያፈላሁ ጠጣሁት። ለሰላም ደውዬ "ለዓይን የሚሆን ቫይታሚን ላኪልኝ" አልኳት፤ ላከች። ላዩ ላይ ትልቅ ዓይን የተሳለበት ጠርሙስ ነው። እሱ ሲያልቅ ሌላ ላከች። ሰውነቴ ወፈረ እንጂ የበሩ ጠርዝ መምታቱን አልተወኝም።

አንድ ቀን መነጽር ቤት ገባሁ። ሰውየው ግድግዳ ላይ ፊደል የተደረደረበትን ሰሌዳ አሳየኝ። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አነበብኩለት፤ ትንንሾቹን ሳይቀር። "ቲቸር፣ ይሄ የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ነው!" አለኝ። የማንበቢያ መነጽር ገዝቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሰሌዳው መሃሉን ብቻ እንደሚጠይቅ፣ የኔ በሽታ ደግሞ መሃሉን እስከ መጨረሻው ትቶ ከዳር ከዳር እንደሚበላ ማን ነግሮኝ!

ጤና ጣቢያም ሄጃለሁ፤ አልሄደችም እንዳትሉኝ። ጤና መኮንኑ ደሳለኝ የሚባል ተማሪዬ ሆኖ አገኘሁት። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። "ምን ሆነው ነው ቲቸር?" ሲለኝ "የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ጻፍልኝ" አልኩት። ልጁ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ነገር ሊጠይቀኝ እንደፈለገ ያስታውቅ ነበር። "እንግዲህ... ቲቸር ካሉ" አለና ጻፈልኝ። ክፍል ውስጥ ንግግሬ ሲቋረጥ የማልወድ አስተማሪ ነበርኩ፤ ልጆቹ ሲያድጉም ያንን አልረሱትም። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

በዚያው ሰሞን ከተማው ተለወጠብኝ። ሰው ሰላም ማለት ተወኝ። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም። በኋላ ግን ከቤት ወጥቼ ገበያ ደርሼ ስመለስ ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው ቢያናግረኝ ነው። እኛ አገር ሰው ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠም ከመንገድ ማዶ አይጮህም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጁን ከፍ ያደርጋል፣ ያልፋል። እኔ ያ ሁሉ ቀረብኝ። "ጡረታ ወጣሽ፣ ቀይ እስክሪብቶሽን የሚፈራ የለም፣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥርሻል?" አልኩ ለራሴ። የዕድሩ ሴቶችም ስደርስ ወሬ ያቋርጣሉ። ቅር ብሏቸዋል፤ ምን እንዳስቀየምኳቸው ግን አላውቅም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ እነሱ ከተዉኝ እኔም ትቻቸዋለሁ ብዬ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ቀና ስል ደግሞ ባሰ።

የዳመነች እናት የሞቱት ያኔ ነው። ቀብሩ ገረሴ ነበር። ሰው የሚሳፈረው ሳይነጋ ስለሆነ ጨለማውን ፈርቼ ቀረሁ፤ መፍራቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ሲጣል ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ከፀሐይ ወደ ድንኳኑ ስገባ ጨለም አለብኝ። ፊት ለፊቴ ያሉትን ወንዶች አየሁ፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩና ቀጥ ብዬ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ዳመነችን አላየኋትም። ቤት ገብታ ጋደም ብላ ይሆናል አልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ወጣሁ።

የዚያን ቅዳሜ ኩርኩፋ አልመጣም። ሐዘን ላይ ናት አልኩ። በሚቀጥለውም አልመጣም። በአርባኛው ቀን አጥሩ ጋ ድምጿን ሰምቼ "ዳመነች!" ብላት በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ገረሴ ስላልሄድኩ ነው አልኩ። ሄጄ "ምን አደረግኩሽ?" ብላት ምን ነበረበት? አላልኩም። "አሥራ ሰባት ዓመት ጎረቤቴ ሆና በአንድ ቀብር ከፈረደችብኝ እሷ ትምጣ" አልኩ። ሳህኗ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ሳህኗን ፈልጋ ትመጣለች እያልኩ ስጠብቅ ስምንት ወር አለፈ።

ያንን ስምንት ወር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገር የሚመሽበት ቀን ነበር። ማታ ማታ ሰላም ስትደውል ድምፄ ሻክሮ ይወጣል፤ "ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?" ትለኛለች። "አዎ" እላለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ከሷ ግቢ የሺፈራው ሽታ በአጥሩ ያልፋል፤ እኔ ደግሞ የቫይታሚን ክኒኔን በውኃ እውጣለሁ። አልቅሻለሁ፤ ምን ያሳፍራል።

የወደቅኩት በኅዳር ነው። ጠፍ መንገድ አልነበረም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በየቀኑ የማልፍበት መንገድ ነው። በግራ በኩል ያለው ቦይ ክዳኑ ተነስቶ ነበር፤ እኔም ዘው አልኩበት። ጉልበቴ ተቀደደ። ሰዎች አውጥተው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዱኝ። ደሳለኝ ጉልበቴን ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ በግራዬ ቆሞ የመድኃኒት ማዘዣውን ዘረጋልኝ። እኔ ፊት ለፊቴን እያየሁ "በል እንጂ፣ ወረቀቱን ስጠኝ" እለዋለሁ።

ደሳለኝ ወረቀቱን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

"ቲቸር፣ አፍንጫዬን ይዩ። ወደ ሌላ እንዳያዩ። አሁን ስንት ጣት ይታይዎታል?"

"የምን ጣት?"

እጁን ዘርግቶ ነበር፤ በግራ በኩል። እያንቀሳቀሰ ወደ መሃል አመጣው። ጣቶቹ የታዩኝ ጆሮው አጠገብ ሲደርሱ ነው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ባለፈው የጻፍኩልዎትን ይቅር ይበሉኝ" አለ። "ይሄ ቫይታሚን አይደለም። ዛሬ ቲቸር የሚሉትን አልሰማም፤ ዛሬ እኔ የምልዎትን ይሰማሉ።" ተቆጣኝ እኮ! በሕይወቴ ተማሪ ሲቆጣኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ራሱ ባጃጅ ይዞ መጥቶ ሰጫ ሰፈር ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ወሰደኝ።

የዓይን ክሊኒክ ወረፋ ከሌላው ይለያል። ማንም ማንንም አያይም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉልሃል፣ ሁሉ ነገር ይደበዝዛል፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ መጠበቅ ነው። ከካምባ ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ነበሩ። አማርኛ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ ጋሞኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈትተው መዳፌ ላይ ጨመሩልኝ። በስምንት ወር ውስጥ ሰው በእጁ ሲያበላኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ እንዳያልቅብኝ ቆሎውን አንድ በአንድ ቆረጠምኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አገጬን ማሽን ላይ አስደግፋ ሰማያዊ ብርሃን ያላት ትንሽ ነገር ዓይኔ ላይ ለካች። "የግራው ሠላሳ ስድስት፣ የቀኙ ሃያ ዘጠኝ" አለች። ከሃያ አንድ በላይ ከሆነ ያሳስባል። "ግፊት ነው፤ የዓይን ግፊት።" እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ "የደም ግፊት ክኒኔን አንድም ቀን አላቋረጥኩም" አልኳት። "እናቴ፣ እሱ ሌላ ነው" አለችና አስረዳችኝ። ዓይን ውስጥ ንጹሕ ውኃ ይመነጫል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። መውጫው ሲደፈን ውኃው ይጠራቀምና ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ይጫነዋል። ነርቩ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ያውም ከዳር ጀምሮ፣ ያለ ሕመም። ግላኮማ ይሉታል።

"ከቤተሰብ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?" አለችኝ።

እናቴ በስተርጅና በእጅ ተመርተው ነበር የሚሄዱት። "ሞራ ነው" ተባለ፣ "እርጅና ነው" ተባለ፤ ማንም ሐኪም ቤት አልወሰዳቸውም። እኔም፣ የባዮሎጂ መምህርቷ፣ አልወሰድኳቸውም። ለሐኪሟ "እናቴ" ብዬ መለስኩላት።

ከቦርሳዬ ሦስቱን የቫይታሚን ጠርሙሶች አውጥቼ ደረደርኩላት። አልሳቀችብኝም፤ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። "ቫይታሚን ኤ ለጎደለው ሰው፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ዓይን ያድናል፤ ያስተማሩት ትክክል ነው" አለች። "ግን ይኼ የቫይታሚን በሽታ አይደለም። ካሮትም ሺፈራውም ግፊቱን አንዲት ነጥብ አይቀንሱትም። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ደግሞ ክኒኑ ራሱ ይጎዳል።"

"የጠፋብኝስ? መቼ ይመለሳል?"

"የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው። ጠብታ አዝዝልዎታለሁ፤ በየማታው፣ ዕድሜ ልክ። አንድ ቀን ይሻለኛል ብለው እንዳይተዉት።"

ይኼን ስትለኝ የተሰማኝን በሌላ ቃል ልለውጠው አልፈልግም፤ ፈራሁ። ማየት የማልችል አሮጊት ሆኜ፣ ከተዘጋ አጥር ጀርባ፣ ማንም ሰላም የማይለኝ ሆኜ ታየኝ።

ሰላም ስትሰማ በስልክ ጮኸች። "ለስንት ጊዜ ስታታልይኝ ኖርሽ! 'ቫይታሚን ላኪልኝ' ብለሽ ብቻ!" ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ እኔም ጮህኩባት። ሐኪሟ የዕይታዬ ስፋት በማሽን እንዲለካ አዲስ አበባ ስለላከችኝ በሚቀጥለው ሳምንት ተሳፈርኩ። ምዕራብ ዓባያን ስናልፍ ሐይቁ በቀኝ ስለሆነ አየሁት። የጋሞን ተራሮች ለማየት ግን አንገቴን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረብኝ። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ግማሹ ብቻ ቀርቶልኝ ነበር።

ማሽኑ የጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይመስላል። ፊትህን ታስገባለህ፣ መሃሉን ታያለህ፣ ትንንሽ መብራት በታየህ ቁጥር እጅህ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ። መጀመሪያ ጠቅ፣ ጠቅ አደርግ ነበር። ከዚያ ዝም የሚል ጊዜ መጣ። መብራቱ እየበራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማሽኑ ጅው፣ ጅው ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን የምጫነው የለኝም። በጨለማ ውስጥ አልመጣ ያለ እንግዳ እንደመጠበቅ ነበር። ሲያበቃ ሠራተኛው ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ሁለት ክብ ነው። የግራ ዓይኔ አብዛኛው ጥቁር ነው፤ የቀኙም በአፍንጫዬ በኩል ጠቁሯል። ሁለቱ ሲጋጠሙ በግራዬ ያለው ሁሉ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጥቁሩን ስመለከት ድንኳኑ ትዝ አለኝ። ስገባ ያየሁት ወንዶቹን ነው። ሴቶቹስ? ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ሴቶች የማይቀመጡበት ድንኳን አለ እንዴ? የት ነበሩ? ስምንት ወር ሙሉ ይኼን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ወረቀቱን አጠፍኩና "ዳመነች እዚህ ውስጥ ነች" አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሰላም "ምን አልሽ?" አለችኝ፤ "ምንም" አልኳት።

ሰላም ጋ አንድ ወር ቆየሁ። ጠብታውን ራሴ ልጨምር ስል ጉንጬ ላይ ይፈስሳል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ይጨፈናል። እሷ ትጨምርልኛለች። ቀን ሁሉም ሥራ ይሄዳል፤ እኔ ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ አዳምጣለሁ። ግፊቱ ወረደ፤ የግራው አሥራ ስምንት፣ የቀኙ አሥራ ስድስት ደረሰ። እዚያ ያለው ሐኪም "እንዲህ ከቀጠለ ባለበት ይቆማል" ሲለኝ "እንግዲያስ አገሬ ልግባ" አልኩ።

"ማን ጠብታ ሊያደርግልሽ?" አለች ሰላም። "ለብቻሽ ሆነሽ አንድ ቀን ስታመልጪ፣ ሁለት ቀን ስታመልጪ ያለችሽም ትጠፋለች። አልለቅሽም።"

"ዳመነች አለች አይደል?" አልኳት። ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። ዳመነች ካናገረችኝ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነበር።

አርባ ምንጭ እንደደረስኩ ሻንጣዬን ሳልፈታ ሳህኑን አወጣሁ። ባዶውን አይመለስምና ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ስኳር ሞላሁበት፤ ወረቀቱን ከላይ አደረግኩ። የዳመነችን በር አንኳኳሁ። ከፍታ አየችኝና በሩን ይዛ ቆመች።

"ምን ፈለግሽ ቲቸር?"

"ሳህንሽን ላመጣ ነው።"

"አሁን ነው ትዝ ያለሽ?"

"ዳመነች፣ ለቅሶ የመጣሁ ቀን የት ነበርሽ?"

እንዲህ ስላት ነደደች። "የት ነበርሽ ትይኛለሽ? ቆሜ ነበር! አንቺ ስትገቢ ከሁሉም በፊት ተነሳሁ! እጄን ዘርግቼ 'ቲቸር፣ እናቴ ሞቶብኝ' ልልሽ ስል አልፈሽኝ ሄድሽ። ሰው ሁሉ እያየ! እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። አፍሬ ቤት ገባሁ። እናቴ የሞተ ጊዜ አላፈርኩም፣ በአንቺ አፈርኩ።"

"በየት በኩል ነበርሽ? ስገባ በቀኜ ነው በግራዬ?"

"ምን በቀኝ በግራ ትያለሽ!"

"በእናትሽ ንገሪኝ።"

አሰበች። "በግራ" አለች።

ወረቀቱን ዘርግቼ ሰጠኋት። ዳመነች ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ እኔ ግን ያን ያህል ቶሎ የገባው ተማሪ አላስታውስም። ጥቁሩን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ምንም ሳትል ወደ ግራዬ ሄደች። ጠፋች።

"አሁን ታይኛለሽ?"

"አላይሽም። ድምፅሽን ነው የምሰማው።"

አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። "አሁንስ?"

"አላይሽም።"

"አሁንስ?" ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። "አሁንስ ቲቸር?"

ፊቷ ከዳር ብቅ ሲል በእንባ ተነክሯል። እጆቿን ዘርግታ ነው የመጣችው፤ ያን ቀን እንደዘረጋችው። ሳህኑ ወደቀ፣ ስኳሩ ፈሰሰ፣ ማን ይየው። አቅፌያት "እግዚአብሔር ያጽናሽ ዳመነች፤ እናትሽን ነፍሳቸውን ይማር" አልኳት። በዘጠኝ ወሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እናቷ ዛሬ የሞቱ ይመስል አለቀሰች፤ እኔም የኔን እናት ጨምሬ አለቀስኩ።

ሲወጣልን "ማታ ማታ ጠብታ የሚያደርግልኝ ሰው ያስፈልገኛል" አልኳት።

"ማን ያደርግልሻል?"

"አንቺ ነሽ። ለሰላም ነግሬያታለሁ።"

"ሳልታረቅሽ?" አለችና በእንባዋ መሃል ሳቀች። "አይ ቲቸር! አንቺ እኮ ጠይቀሽ አታውቂም፤ አዘሽ ነው።"

ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው። አመሻሽ ላይ ትመጣለች፤ አንገቴን ደገፍ አድርጋ "ክፈች፣ አትጨፍኚ፣ ልጅ አይደለሽም" እያለች ታደርግልኛለች። ግፊቱ ባለበት ነው። የጠፋው አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ኩርኩፋም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ እበላለሁ፤ ለዓይኔ ብዬ ግን አይደለም። ሰላም ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ተለክታለች፤ እስካሁን ደህና ናት፤ በየዓመቱ እንድትለካ አስምያታለሁ።

እናንተም፣ አርባ ዓመት ካለፋችሁ፣ በተለይ ከቤታችሁ በእጅ የተመራ ሰው ከነበረ፣ ሄዳችሁ ዓይናችሁን ተለኩ። ሰሌዳ ማንበብ አይበቃም፤ "ግፊቱን ለኩልኝ" በሉ። ካሮታችሁን ብሉ፣ ግን በካሮት ተማምናችሁ አትቀመጡ። ሰላም ሳይላችሁ ያለፈ ሰው ካለም "ኮራ" ከማለታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ከፊቱ ቁሙ።

ከዳመነች ጋር ገበያ ስንሄድ እሷ ሁልጊዜ በግራዬ ናት። ክንዴን ይዛ በጆሮዬ ትነግረኛለች። "ባንኩ ደጃፍ ተማሪሽ ቆሟል፣ ራሱን ዝቅ አድርጓል... አሁን ሙዝ የምትሸጠው፣ እጇን አንስታለች... እጅሽን አንሺ ቲቸር፣ አንሺ!" እኔም እጄን ወደማላየው ወገን ከፍ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ "ቲቸር! እንዴት ነዎት?" የሚል ድምፅ ይመጣል።